በየትኛውም ብራውዘር የሚሠራ ድረ ገጽ አሠራር፦ ለሰሜን ሸዋ ጀማሪዎች

ድረ ገጽ መሥራት የጀመረ ሰው ሥራውን የሚያየው በራሱ ላፕቶፕና በራሱ ክሮም ነው። እዚያ ላይ ካማረለት ጨረስኩ ይላል። ገጹን የሚከፍተው ሰው ግን ሌላ ስልክ፣ ሌላ ብራውዘር፣ ሌላ ኔትወርክ ነው ያለው። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ወይም አንኮበር ሆናችሁ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ መማር ለጀመራችሁ ነው። ጃቫስክሪፕት ገና ካልነካችሁም ችግር የለውም፤ አብዛኛው ነገር ያለ እሱ ይሠራል።

እስከ መጨረሻው የምንይዘው ምሳሌ አንድ ነው፦ መሐል ሜዳ ላይ ከመንዝ በግ ፀጉር ባናና በርኖስ የሚሠሩ ሰዎች ዕቃቸውን የሚያሳዩበትና ትዕዛዝ የሚቀበሉበት ገጽ። ማን ይከፍተዋል? ሸዋ ሮቢት ያለ ነጋዴ ዳታ እንዳይበላበት በኦፔራ ሚኒ ይከፍተዋል። ደብረ ብርሃን ቢሮ ውስጥ ያለች ሠራተኛ ዊንዶውስ 7 በተጫነበት ኮምፒውተር፣ መታደስ ባቆመ ክሮም ትከፍተዋለች። አዲስ አበባ የሚኖር የመንዝ ሰው በአይፎኑ ሳፋሪ ያየዋል። ውጭ አገር ያለች እህቱ ደግሞ የተላከላትን ሊንክ ነክታ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ታየዋለች። አራቱም ዋጋውን ማንበብ፣ ፎቶውን ማየት፣ መደወል ወይም ማዘዝ መቻል አለባቸው። መለኪያችን ይህ ነው። የማዕዘኑ ክብነት፣ የጥላው ድምቀት፣ የበተኑ እንቅስቃሴ ከስልክ ስልክ ቢለያይ ማንም አይጎዳም። ዋጋው ካልተነበበ ወይም ትዕዛዙ ካልደረሰ ግን ሽያጩ ቀረ።

ኮዱ ራሱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እዚህ የታጎቹንና የትእዛዞቹን ስም በአነባበባቸው አስቀምጣለሁ።

1. መጀመሪያ ሞተሮቹን ለዩ

ብራውዘር ብዙ ነው፤ ኮዱን አንብቦ ገጹን ስክሪን ላይ የሚስለው ሞተር ግን ጥቂት ነው። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራና ሳምሰንግ ኢንተርኔት ብሊንክ በሚባል ሞተር ይሠራሉ። ፋየርፎክስ ጌኮ የሚባል የራሱ ሞተር አለው። ሳፋሪ በዌብኪት ይሠራል። አፕል ለረጅም ዓመታት ሌላ ሞተር ስለማይፈቅድ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሩን ቢከፍትም፣ እኛ ጋ አይፎን ላይ ክሮም ብታወርዱ ከውስጡ የሚሠራው ያው ዌብኪት ነው። ስለዚህ ኤጅ ላይ ሞክራችሁ ክሮም ላይ ብትደግሙ የሞከራችሁት አንድ ሞተር ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ላይ ከሞከራችሁ ሦስቱንም ነካችሁ።

ኦፔራ ሚኒ ለብቻው መታየት አለበት፤ በእኛ አካባቢ ችላ የሚባል አይደለም። ዳታ ቆጣቢው ኤክስትሪም ሁነታ ላይ ሲሆን ገጹን የሚከፍተው ስልኩ አይደለም። የኦፔራ ሰርቨር ገጹን ከፍቶ፣ አጨምቆና አቅልሎ ውጤቱን ለስልኩ ይልካል። ጃቫስክሪፕቱም እዚያው ሰርቨር ላይ ለአፍታ ይሠራና ይቆማል። ከውጭ የሚጫን ፎንት፣ ግራዲየንት (ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ቀስ እያለ የሚለወጥ ጀርባ)፣ ክብ ማዕዘን፣ አኒሜሽን፣ ስክሪን ላይ ተጣብቆ የሚቀር በተን፣ ሁሉም ይቀራሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ገጹን ከመጀመሪያው ቀለል አድርጎ ይነሳል።

ሌላው ጉዳይ የብራውዘሩ ዕድሜ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ክሮም ከስሪት 109 አያልፍም፤ ከእ.ኤ.አ. 2023 መጀመሪያ ጀምሮ እዚያው ቆሟል። አንድሮይድ 7 ያለበት ስልክ ደግሞ ክሮም 119 ላይ ይቆማል። በእጅ በእጅ የተላለፈ ስልክና ከዓመታት በፊት የተገዛ የቢሮ ኮምፒውተር ባለበት ከተማ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሊታወሱ ይገባል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ግን ተዉት፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጁን 2022 አሰናብቶታል፤ ለእሱ ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ።

2. የሥራ ዕቃ

ቪኤስ ኮድ ወይም ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ፣ ክሮምና ፋየርፎክስ ይበቃሉ። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እመክራለሁ፦ ኔትወርክ ሲኖር ዴቭዶክስ የሚባለውን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የኤችቲኤምኤል፣ የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ማብራሪያዎችን አውርዱ። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ከብራውዘራችሁ ላይ ይከፈታል። አንድ ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት ኔትወርክ እስኪመለስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም።

3. የገጹ አናት

የመጀመሪያው መስመር ዶክታይፕ ኤችቲኤምኤል ነው። ይህ መስመር ከቀረ ብራውዘሮች ገጹን በ1990ዎቹ ልማድ የተሠራ አድርገው ይወስዱትና ስፋትና ርቀት እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ማስላት ይጀምራል። ጀማሪ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚፈልገው ጉድለት ብዙ ጊዜ ከዚህ መስመር መጥፋት የመጣ ነው።

ቀጥሎ ኤችቲኤምኤል ታግ ላይ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ንገሩት፤ ላንግ የሚለው ቦታ ላይ ኤኤም ይጻፋል። ሄድ ውስጥ ከሁሉም በፊት ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 ይግባ፤ ፊደሎቹ በፋይሉ ውስጥ በምን ዘዴ እንደተቀመጡ ለብራውዘሩ የሚነግረው ይህ ነው። ከሁሉም በፊት የምለው በምክንያት ነው። ብራውዘሩ ይህን መስመር የሚፈልገው በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ረጅም የአማርኛ ርዕስና መግለጫ ከላይ ደርድራችሁ ቻርሴቱን ከሥር ካደረጋችሁት ከ340 ፊደል ገደማ በኋላ ቦታው ያልቃል፤ ፊደሉም በማይነበብ ምልክት ተተክቶ ሊወጣ ይችላል።

ፋይሉ ራሱም በዩቲኤፍ-8 መቀመጥ አለበት። የዊንዶውስ 7 ኖትፓድ ካልነገራችሁት በቀር አንሲ በሚባለው፣ የግዕዝ ፊደል በማይዘው የድሮ ዘዴ ያስቀምጠዋል፤ በማግስቱ ስትከፍቱት የጻፋችሁት አማርኛ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጠብቃችኋል። የጠፋውን መመለስም አይቻልም። ሴቭ አዝ ስትሉ ከታች ያለውን የኢንኮዲንግ ሳጥን አይታችሁ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ።

ሦስተኛው የቪውፖርት መስመር ነው፤ ስፋቱን ከስልኩ ስፋት ጋር እኩል አድርግ ይላል። ይህ ካልተጻፈ ስልኩ ገጹን የኮምፒውተር ገጽ መስሎት አሳንሶ ያሳየዋል፤ ሰውየው በሁለት ጣት እየለጠጠ ያነባል።

4. ይዘቱ ያለ ምንም ጌጥ ይነበብ

ሲኤስኤስ ሳትጽፉ ገጹን ጨርሱ። ርዕሱ በኤች 1፣ የየዕቃው ስም በኤች 2፣ መግለጫው በፒ፣ የዋጋው ዝርዝር በቴብል ወይም በሊስት፣ ማዘዣው በፎርም ይሁን። በተን ለሚጫን ነገር በተን ታግን፣ ወደ ሌላ ገጽ ለሚወስድ ሊንክን ተጠቀሙ። ዲቭ ወስዶ እንደ በተን ማስመሰል ቀላል ይመስላል፤ ጃቫስክሪፕቱ ሳይሠራ ሲቀር ግን ያ ዲቭ ድንጋይ ነው።

ስልክ ቁጥሩን ከገጹ አናት ላይ በሊንክ አድርጉት፤ ቴል ከሚለው ቃል በኋላ 251 ያለበት ሙሉ ቁጥር ይገባል። ሰውየው ሲነካው ስልኩ ለመደወል ይዘጋጃል። ይህ መስመር ጃቫስክሪፕት አይፈልግም፣ ሲኤስኤስ አይፈልግም። በአንድ መስመር ብቻ ትዕዛዝ ሊያመጣላችሁ የሚችል ከዚህ የተሻለ ኮድ አላውቅም።

አሁን ገጹን በብራውዘር ክፈቱ። ጌጥ የለውም፤ ግን ከላይ እስከ ታች ሲነበብ ትርጉም ይሰጣል? ዋጋው ከዕቃው ጋር ነው ያለው? ይህ ከሆነ ገጻችሁ ከአሮጌው ስልክ እስከ አዲሱ ድረስ አሁኑኑ ይሠራል። ከዚህ በኋላ የምትጨምሩት ሁሉ ያማረውን ማሳመር ነው።

5. የአማርኛው ፊደል

እዚህ ላይ እንቆይ፤ ከውጭ የተገለበጡ ትምህርቶች የማይነግሯችሁ ነገር ያለው እዚህ ነው።

ጽሑፉን የሰጣችሁ ሰው በድሮው፣ የዓለም ፊደሎችን በየራሳቸው ቁጥር የሚለየውን ዩኒኮድን በማይከተለው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ የዎርድ ፋይል ሊያመጣላችሁ ይችላል። እዚያ ላይ አማርኛ የሚመስለው ከውስጥ የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ነው የግዕዝ መልክ የሰጠው። ገልብጣችሁ ገጹ ላይ ስትለጥፉት ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር ይወጣል። መፍትሔው ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ ነው። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በስሪት 3.0 ነውና ዛሬ በሌላ መንገድ የምንጽፍበት ምክንያት የለም።

ፎንት ከኢንተርኔት አትጫኑ። አንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አፕል ከፋ፣ ዊንዶውስ 10 ኢብሪማ፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ኒያላ የሚባሉ የግዕዝ ፎንቶች ከራሳቸው ጋር ይዘው ነው የሚመጡት። ፎንት ፋሚሊ ላይ እነዚህን አራቱን በተራ ደርድሩና መጨረሻ ላይ ሳንስ-ሰሪፍ ጨምሩ። እያንዳንዱ መሣሪያ ያለውን ያነሳል፣ የሌለውን ያልፋል። የሸዋ ሮቢቱ ነጋዴም ለፎንት ዳታ አይከፍልም።

መጠኑን 18 ፒክስል፣ የመስመሩን ቁመት 1.7 አካባቢ አድርጉት። የግዕዝ ፊደል ሰውነቱ ሞላ ያለ ስለሆነ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው 14 ፒክስል ለእኛ ዓይን ያደክማል። አይታሊክ አትጠቀሙ፤ ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያጋድለዋል እንጂ የግዕዝ አይታሊክ የሚባል ልማድ የለም። ቦልድም ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ፎንቱ የራሱ ቦልድ ከሌለው ብራውዘሩ ራሱ ያወፍረዋል፤ ያን ጊዜ እንደ ጯ፣ ቿ፣ ሿ ያሉት ፊደሎች ውስጣቸው ተደፍኖ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ርዕስን በመጠንና በቀለም ለዩ።

አንድ በጣም ትንሽ የሚመስል ነገር ደግሞ አለ። አንዳንድ ጸሐፊ ቃላትን በሁለት ነጥብ ሲለይ የግዕዙን ፡ ትቶ የእንግሊዝኛውን ኮሎን ይመታል፤ በአራት ነጥብ ፋንታም ሁለት ኮሎን ይደረድራል። ዓይን ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ብራውዘሩ ግን ከግዕዙ ፡ በኋላ መስመር መስበር እንደሚቻል ያውቃል፤ ያለ ክፍተት በኮሎን የተያያዙ የአማርኛ ቃላትን ግን እንደ አንድ ረጅም ቃል ይወስዳቸዋል። ውጤቱ፣ አንቀጹ ከስልኩ ስክሪን ወደ ቀኝ ይወጣና ገጹ በሙሉ ወደ ጎን የሚንሸራተት ይሆናል። ጽሑፉን ስትቀበሉ በፈልጎ መተኪያው አጽዱት፤ ለመጠባበቂያ ደግሞ ኦቨርፍሎው-ራፕ ብሬክ-ወርድ የሚለውን ጨምሩ።

የፊደል አጻጻፍም ከአናት እስከ ግርጌ አንድ ይሁን። ገጹ ላይ በፀሐዩ ፀ ከጻፋችሁ አንባቢው በጸሎቱ ጸ ቢፈልግ የብራውዘሩ መፈለጊያ አያገኝለትም። የራሳችሁን መፈለጊያ የምትሠሩ ከሆነ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ አምጥታችሁ አወዳድሩ።

6. ሲኤስኤስ፦ ብራውዘሩ የማያውቀውን ያልፋል

ሲኤስኤስ አንድ ታላቅ ጸጋ አለው። ብራውዘሩ የማያውቀው መስመር ሲያጋጥመው አይቆምም፣ አይጮኽም፤ ዘሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀውን፣ ከሥሩ አዲሱን።

ለምሳሌ የገጹ የመጀመሪያ ክፍል የስልኩን ስክሪን ቁመት እንዲሞላ ትፈልጋላችሁ። 100 ቪኤች ብላችሁ ብትጽፉ ስልክ ላይ የአድራሻው ሳጥን ቦታ ስለሚወስድ ከታች ያለው በተን ይደበቃል። አዲሱ ኤስቪኤች የሚባለው መለኪያ ይህን ያስተካክላል፤ አሮጌ ብራውዘር ግን አያውቀውም። ስለዚህ ሃይት 100 ቪኤች ጻፉና ከሥሩ ሃይት 100 ኤስቪኤች ድገሙ። የሚያውቀው ሁለተኛውን ይይዛል፤ የማያውቀው በመጀመሪያው ይኖራል።

የበርኖሶቹን ፎቶ ሦስት ሦስት አድርጎ ጎን ለጎን ለመደርደር ግሪድ ተጠቀሙ። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከማርች 2017 ጀምሮ ያውቁታል። ግሪድ የማያውቅ ብራውዘር ዕቃዎቹን አንዱን ከአንዱ ሥር ይደረድራቸዋል፤ ለትንሽ ስልክ እንዲያውም የሚመቸው እሱ ነው። በአንጻሩ አንድን የሲኤስኤስ ሕግ በሌላው ውስጥ መክተት፣ ኔስቲንግ የሚባለው፣ ክሮም ውስጥ የገባው በስሪት 112 ነው። የደብረ ብርሃኗ ሠራተኛ ክሮም 109 ላይ ስለቆመች የተከተተው ሕግ ሁሉ አይታያትም። ለጊዜው ሕጎቻችሁን ዘርግታችሁ ጻፉ።

የቀለም ነገር ሁልጊዜ ይዘነጋል። ከጀርባ ግራዲየንት አድርጋችሁ ላዩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብትጽፉ፣ ግራዲየንት የማያሳየው ኦፔራ ሚኒ ጀርባውን ነጭ ያደርገዋል። ነጭ በነጭ ላይ! ዋጋው አለ፣ ማንም ግን አያየውም። ከግራዲየንቱ በፊት ባክግራውንድ-ከለር ጠቆር ባለ አንድ ቀለም ጻፉ።

ሁለት መስመሮችን በየገጻችሁ መጀመሪያ ላይ አስገቡ፦ ለሁሉም ነገር ቦክስ-ሳይዚንግ ቦርደር-ቦክስ፣ ለፎቶ ደግሞ ማክስ-ዊድዝ 100 ፐርሰንት ከሃይት አውቶ ጋር። የመጀመሪያው የሳጥን ስፋት ስሌትን ቀላል ያደርጋል፣ ሁለተኛው ፎቶ ከስክሪን እንዳይወጣ ይይዛል። የፎርም መጻፊያ ሳጥኖችን ፊደል ከ16 ፒክስል አታሳንሱ፤ ካነሰ አይፎን ሳጥኑ ሲነካ ገጹን በራሱ ያጎላውና ሰውየው መውጫው ይጠፋዋል።

አንድ ትእዛዝ የት የት እንደሚሠራ ስትጠራጠሩ ካን አይ ዩዝ የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱ። ኤምዲኤን የሚባለው የድር ማብራሪያ ድረ ገጽ ላይም ቤዝላይን የሚል ምልክት አለ፤ በሰፊው ይሠራል የሚለው አረንጓዴ ምልክት ያለበት ነገር በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ከገባ 30 ወር ያለፈው ነው። ለእኛ አካባቢ ከዚያም ትንሽ ወደ ኋላ ዘግየት ማለት አይከፋም።

7. ፎርሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ

ደንበኛው በርኖሱን ለጥምቀት ይፈልገዋል እንበል። እናንተ ፎርሙ ላይ ኢንፑት ታይፕ ዴት አድርጋችኋል። ብራውዘሩ የሚያወጣለት ካላንደር የፈረንጅ ነው፤ መልኩም ከብራውዘር ብራውዘር ይለያያል። ጥር 11ን አስቦ ሲጽፍ፣ ጥር አምስተኛ ወር ናትና፣ 11 እና 5 ያስገባል። ማሽኑ ግን ይህን ሜይ 11 ወይም ኖቬምበር 5 ብሎ ይይዘዋል። ለጥምቀት የሚጠበቀው በርኖስ ግንቦት ላይ ይታዘዛል ማለት ነው። ጳጉሜንማ ጭራሽ ቦታ የላትም።

መፍትሔው ሦስት ሰሌክት ሳጥን ነው፤ ለቀን ከ1 እስከ 30፣ ለወር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13ቱም በስማቸው፣ ለዓመት ደግሞ የዘንድሮውና የከርሞው። ሰሌክት ጥንታዊ ታግ ስለሆነ ኦፔራ ሚኒም አሮጌው ክሮምም ሳይቸገሩ ያሳዩታል። ወደ ፈረንጅ ቀን መቀየሩ ካስፈለገ ሰርቨሩ ላይ ይሠራ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ሲሆን ነው፤ ማለትም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ። 2011 እና 2015 እንደዚያ ነበሩ። በዘመናዊ ብራውዘሮች ላይ ጃቫስክሪፕት ኢንትል በሚባለው በኩል ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል፤ ለማሳያ ተጠቀሙበት፣ ትዕዛዝ መቀበያውን ግን በእሱ ላይ አታንጠልጥሉት።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ዕቃው ከመሐል ሜዳ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በሚነሳ መኪና ይጫናል ብሎ የሚጽፍ ሰው በታይፕ ታይም ሳጥን 12፡30 ቢያስገባ ማሽኑ የሚይዘው የቀኑን 6 ሰዓት ተኩል ነው። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚል ሰሌክት ከሰዓቱ ጎን አስቀምጡ።

ለስልክ ቁጥር ታይፕ ቴል ይሁን። ታይፕ ነምበር ቁጥር ነው ብሎ ስለሚቆጥረው የፊቱ ዜሮ ስሌት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። በ09 የማይጀምረውን ሁሉ ስህተት ነው ብላችሁ አትመልሱ፤ በ07 የሚጀምር ስልክ ያለው ደንበኛ አለ፣ ከውጭ አገር የሚያዝዝም አለ።

8. ጃቫስክሪፕት በስተመጨረሻ

ጃቫስክሪፕት እንደ ሲኤስኤስ ይቅር ባይ አይደለም። ብራውዘሩ የማያውቀው አንድ አጻጻፍ ፋይሉ ውስጥ ካለ ፋይሉ በሙሉ አይሠራም። ከነጥብ በፊት የጥያቄ ምልክት የሚደረግበት አጻጻፍ ክሮም ውስጥ የገባው በስሪት 80 ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ስልክ ላይ ያች አንዲት ምልክት ቀሪውን ሁሉ ይዛ ትወድቃለች። ስለዚህ ፎርሙ መጀመሪያ ያለ ጃቫስክሪፕት ወደ ሰርቨር ይላክ። ከዚያ በኋላ ድምሩን ወዲያው የሚያሰላውን፣ ፎቶ የሚያጎላውን ጨምሩ። አንድን ችሎታ ከመጠቀማችሁ በፊት ብራውዘሩ እንዳለው በኢፍ ጠይቁ እንጂ የብራውዘሩን ስም አይታችሁ አትወስኑ፤ ስሙን ብዙዎቹ አሳስተው ይናገራሉ።

9. ፎቶ

ስልክ ያነሳውን ፎቶ እንዳለ አትጫኑ። ስኩሽ በሚባለው ነጻ መሣሪያ ስፋቱን ወደ 800 ፒክስል አውርዱና በዌብፒ አስቀምጡ፤ ፒክቸር ታግ ውስጥ ከሥሩ ጄፔግ ይጨመር፣ ዌብፒ የማያውቀው እሱን ይወስዳል። የፎቶውን ስፋትና ቁመት ታጉ ላይ ጻፉ፤ አለዚያ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋውና ሰውየው ሊነካ ያሰበውን ትቶ ሌላ ይነካል። ኦልት ላይ በአማርኛ ግለጹት፤ «ፎቶ 1» ሳይሆን «ጥቁር በርኖስ፣ ከፊት ሲታይ» በሉ። ዳታ ለመቆጠብ ፎቶ የዘጋ ሰው የሚያየው ይህን ጽሑፍ ነው።

10. ፍተሻ

በመጀመሪያ የኮድ ስህተት በሚፈልገው የደብልዩ-ሦስት-ሲ ቫሊዴተር ድረ ገጽ ላይ ኮዱን ለጥፉና ቀይ ያለውን አስተካክሉ። ያልተዘጋ ታግ እናንተ ባላሰባችሁት መንገድ ሊነበብ ይችላል፤ የተዘጋ ታግ ግን ክርክር የለበትም።

ክሮም ውስጥ ያለው ስልክ የሚመስለው ማሳያ ስክሪኑን ያሳንሳል እንጂ ሞተሩን አይቀይርም። እዚያ ላይ አይፎን የሚለውን መርጣችሁ ብታዩ ያያችሁት ብሊንክን ነው። በእውነተኛ ስልክ ለማየት ስልካችሁ ላይ ሆትስፖት ክፈቱና ላፕቶፑን አገናኙ። ላፕቶፑ ላይ ፓይተን የሚባለውን ነጻ የፕሮግራም ቋንቋ ጫኑና ፋይሉ ባለበት ፎልደር የእሱን ኤችቲቲፒ ሰርቨር በ8000 ፖርት አስነሱና የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ ስልኩ ላይ ጻፉ። ይህ በስልኩና በላፕቶፑ መካከል ብቻ ስለሚሄድ የዳታ ጥቅል አይበላም። በኦፔራ ሚኒ ኤክስትሪም ግን አይሆንም፤ ገጹን የሚከፍተው የኦፔራ ሰርቨር ስለሆነ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ላፕቶፕ ሊደርስበት አይችልም። ለእሱ ገጹን ጊትሃብ ፔጅስን በመሰለ ነጻ ቦታ ላይ መጫን ያስፈልጋል።

የአፕል ኮምፒውተር ለሌለን ዌብኪትን የምናገኝበት መንገድ አለ። ሊኑክስ ላይ ግኖም ዌብ የሚባለው ብራውዘር በዌብኪት ነው የሚሠራው። ዊንዶውስ ላይ ፕሌይራይት የሚባለው መሣሪያ የዌብኪትን ቅጂ በነጻ ያወርዳል። ሁለቱም የሳፋሪን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተኩም፤ አይፎን ያለው ጓደኛ ስታገኙ ለአምስት ደቂቃ ተዋሱት።

ሊንኩን ለራሳችሁ በቴሌግራም ልኩና ከዚያው ክፈቱት፤ ፎርሙ ተሞልቶ እስከ መላክ ይደርሳል? የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ገጹ ከመታየቱ በፊት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ትንሿ የማዘርቦርድ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ኤችቲቲፒኤስ ያለበት ገጽ ሁሉ ይዘጋል። የእናንተ ኮድ ጥፋት አይደለም።

ከማሽኑ ቀጥሎ ሰው ይሞክረው። ኮምፒውተር የማይነካካ አንድ ታላቅ ሰው ፈልጉና ስልኩን በእጃቸው ስጡ። «ጋሼ፣ እስቲ ከዚህ ላይ አንድ በርኖስ ይዘዙልኝ» በሏቸውና ዝም በሉ። ጣታቸው የት እንደሚያመነታ እዩ። አትምሯቸው፤ አታሳዩዋቸው። ያመነቱበት ቦታ ሁሉ የሚስተካከል ቦታ ነው።

ገጹ ሥራ ከጀመረ በኋላ «አይከፍትም» የሚል ደንበኛ ይደውላል። «ምን ዓይነት ስልክ ነው የያዙት? በምንድን ነው የከፈቱት?» ብላችሁ በትህትና ጠይቁና የስክሪኑን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ አድርጉ። የስልኩን ዓይነት፣ የብራውዘሩን ስምና ስሪት፣ የታየውን ችግር በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቡ። አንድ ነገር ባስተካከላችሁ ቁጥር ከሠንጠረዡ ላይ ደካማውን መሣሪያ አንስታችሁ ከእሱ ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ራሳችሁ ክሮም የምትመለሱት።